ብራምስን የመራው እጅ ሂንደሚትን ሲመራ

ዲሴምበር 2 ቀን 1928 ምሽት በበርሊን የፊልሃርሞኒ አዳራሽ ታዳሚው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ያጨበጭባል፣ ገሚሱ ያፏጫል፤ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። የተሰማው አርኖልድ ሾንበርግ በዚያው ዓመት ጽፎ የጨረሰው የኦርኬስትራ ቫሪዬሽን ነበር፤ ደራሲው የ12 ድምፅ ስልቱን ለትልቅ ኦርኬስትራ ሲያውለው የመጀመሪያው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መድረኩ ላይ በትር ይዞ የቆመው ሰው ግን የአዲስ ሙዚቃ አቀንቃኝ አልነበረም። ቪልሄልም ፉርትቬንግለር ነበር፤ ልቡ ከቤትሆቨን፣ ከዋግነር፣ ከብራምስና ከብሩክነር ያልተለየ፣ በ42 ዓመቱ በጀርመን ምድር ካሉ የኦርኬስትራ መሪዎች መካከል ስሙ እጅግ የገነነ ሰው።

ስለ ፉርትቬንግለር የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገር አይወጣም፤ ወይ ስለ ቤትሆቨን አመራሩ ነው፣ ወይ በናዚ ዘመን ጀርመን ውስጥ ስለ መቅረቱ። እኔን የሚይዘኝ ሦስተኛ ነገር ነው። በርሊን እኖራለሁ፤ ማታ ማታ በአማተሮች ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ እጫወታለሁ። ከአዲሱ የጀርመን ሙዚቃ ጋር የተዋወቅሁትም ራሱ የቪዮላ ተጫዋች በነበረው በፓውል ሂንደሚት በኩል ነው። ሂንደሚት ደረቅ ነው፣ ሙዚቃው የሂሳብ ሥራ ይመስላል የሚሉ ብዙ ናቸው። የፉርትቬንግለርን የድሮ ቅጂዎች ከሰማሁ ወዲህ ይህን አባባል መቀበል አቅቶኛል። ያን ሙዚቃ ነፍስ የዘራበት፣ አዲስነቱን ከቁም ነገር ያልቆጠረለት ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

ፉርትቬንግለር በ1886 በርሊን ተወለደ። አባቱ አዶልፍ በጥንታዊ የግሪክ ቅርስ ጥናት ስመ ጥር ምሁር፣ እናቱ አደልሃይድ ሠዓሊ ነበሩ። ከትምህርት ቤት አውጥተው በቤት አስተማሪዎች አስተማሩት። ሙዚቃ መጻፍ የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ራሱን የሚያየው በመጀመሪያ እንደ ሙዚቃ ደራሲ፣ ከዚያ በኋላ እንደ መሪ ነበር። በ1906 ሙኒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮንሰርት ሲመራ የመረጠው ብሩክነር ሳይጨርሰው የሞተበትን 9ኛ ሲምፎኒ ነው። 20 ዓመት ለሞላው ወጣት ይህ ድፍረት ነበር። ከዚያ በሉቤክና በማንሃይም አለፈ፤ በ1922 ታላቁ አርቱር ኒኪሽ ሲሞት የላይፕሲግ ጌቫንድሃውስንም የበርሊን ፊልሃርሞኒክንም ወረሰ።

ሉቤክ ሳለ ሃይንሪሽ ሼንከር ስለ ቤትሆቨን 9ኛ ሲምፎኒ የጻፈው መጽሐፍ እጁ ገባ፤ ኋላም ከጸሐፊው ጋር ቪየና ላይ ተዋወቁ። የሼንከር ትምህርት ሙዚቃን ኖታ በኖታ ሳይሆን ከኖታዎቹ ሥር በሚሄደው ረጅም መስመር መስማት ነው። አንድ የሙዚቃ ክፍል ሲጀመር መጨረሻው አስቀድሞ በውስጡ አለ፤ መካከሉ ሁሉ ወደዚያ የሚወስድ መወጠርና መላላት ነው። ፉርትቬንግለር ይህን እምነት ከልቡ ያዘው። ለእሱ ቅኝት፣ ማለትም ሁሉም ድምፅ ወደ አንድ ማረፊያ ድምፅ የሚመለስበት ሥርዓት፣ ሰው ያወጣው ደንብ አይደለም፤ የመተንፈስን ያህል ከሰው ተፈጥሮ ጋር የተጣበቀ ነገር ነው።

አመራሩም ከዚሁ እምነት ይወጣል። የበትሩ እንቅስቃሴ ጥርት ያለ አልነበረም፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ምቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ለአዲስ ሰው ግራ ያጋባል። ይህ ግን ስንፍና አልነበረም። ራሱ እንደ ጻፈው፣ የድምፁን ጠባይ የሚወስነው ምቱ የሚያርፍበት ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለው የዝግጅት እንቅስቃሴ ነው። መሪው እንደ መዶሻ ቢመታ ኦርኬስትራው አብሮ ይጀምራል፤ የሚወጣው ድምፅ ግን ድንገት የተቆረጠ ይሆናል። እጁን አዘግይቶ፣ ትንፋሽ ሰጥቶ ቢያወርድ ግን ተጫዋቾቹ እርስ በርስ መደማመጥ ግድ ይላቸዋል፤ ድምፁም ከኮንትራባሶቹ ጀምሮ ከሥር ወደ ላይ ይበቅላል። ቪዮላ የያዘ ሰው ይህን በጣቱ ያውቀዋል። በኦርኬስትራው መካከል የምንቀመጠው እኛ ነን፤ መሪው ምቱን ጥርት አድርጎ ሲያሳየን ወደ እሱ እናያለን፣ ሳያሳየን ሲቀር ወደ ባሶቹ ጆሯችንን እናዘነብላለን።

እንዲህ ያለ ሰው ከአዲሱ ሙዚቃ ይሸሻል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ እሱ ግን አልሸሸም። በ1920ዎቹ የስትራቪንስኪን «የጸደይ ሥርዓት» ለኮንሰርት አቀረበ። በ1927 ፍራንክፈርት ላይ የባርቶክ 1ኛ የፒያኖ ኮንቸርቶ ደራሲው ራሱ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ መሪው ፉርትቬንግለር ነበር። በ1932 በርሊን ላይ ከፕሮኮፊየቭ ጋር 5ኛውን የፒያኖ ኮንቸርቶ አስተዋወቀ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የጀርመን ትልቁ ኦርኬስትራ መሪ በዘመኑ ለተጻፈው ሁሉ ዕዳ አለበት ብሎ ያምን ነበር። ፍርዱን ለጊዜ ይተዋል፤ ሥራውን ግን ለታዳሚ ጆሮ የማድረስ ግዴታ የእሱ ነው።

የሾንበርግ ቫሪዬሽን የዚህ ግዴታ ከባዱ ፈተና ነበር። ሥራው መግቢያ፣ አንድ ዜማ፣ 9 ቫሪዬሽኖችና መደምደሚያ አለው። ዜማውን መጀመሪያ የሚያሰሙት ቼሎዎች ናቸው። ከዚያ በፊት በመግቢያው ውስጥ ትሮምቦን አራት ድምፆችን ያወጣል፤ በጀርመን የኖታ አጠራር የባኽ ስም ፊደላት ናቸው። ሾንበርግ በዚህ የሚናገረው ግልጽ ነው፤ እኔ የጀርመንን ሙዚቃ አፍራሽ ሳልሆን ወራሹ ነኝ ማለቱ ነው። ቫሪዬሽን የሚባለው ቅርጽ ራሱ የባኽ፣ የቤትሆቨንና የብራምስ ርስት ነው። ፉርትቬንግለር ይህን አይቷል፤ ሥራውን ለኦርኬስትራው ያመጣውም ለቅሌት ብሎ አይመስለኝም። ግን ለልምምድ የተሰጠው ጊዜ ለእንዲህ ያለ ሥራ እጅግ አነስተኛ ነበር፤ ተጫዋቾቹም ከዚያ በፊት በዚህ ስልት የተጻፈ ትልቅ ነገር በእጃቸው ይዘው አያውቁም።

ያ ምሽት ለምን እንዳልሠመረ ሳስብ ጥፋቱን በጩኸቱ ላይ ብቻ መጣል ያስቸግረኛል። የፉርትቬንግለር ጥበብ ረጅሙን መስመር መስማት ነው፤ ረጅሙ መስመር ደግሞ የሚመለስበት ማረፊያ ይፈልጋል። የ12 ድምፅ ስልት ሆን ብሎ ማረፊያውን ያነሳል፤ 12ቱም ድምፆች እኩል ናቸው፣ አንዱ የሌላው ጌታ አይሆንም። ስለዚህ መሪው የሚያውቀውን የመወጠርና የመላላት ትንፋሽ ከየት ያምጣው? ከዓመታት በኋላ ስለ ሙዚቃ ባደረጋቸው ውይይቶች መጽሐፍ ላይ ስሜቱን በምሳሌ ገልጾታል፤ ያለ ቅኝት የተጻፈን ሙዚቃ መስማት ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ እንደ መሄድ ነው ይላል፤ በመንገዱ ዳርና ዳር ድንቅ አበባና ተክል ይታያል፣ ሰውየው ግን ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። አበቦቹን አለመካዱን ልብ ልንል ይገባል። በዚያ ጫካ ውስጥ የራሱ መንገድ ያለው አድማጭ ሊኖር እንደሚችል ግን አልተቀበለም። እዚህ ላይ ከእሱ ጋር አልስማማም። ያን ቫሪዬሽን ደጋግሞ የሰማ ሰው የቼሎዎቹን ዜማ ከመለዋወጡ ሥር ለይቶ ያገኘዋል፤ ማረፊያው ባይኖርም ትዝታው መንገድ ይሆናል።

ከሂንደሚት ጋር የነበረው ነገር ሌላ ነው።

የሂንደሚት አጀማመር ለሮማንቲክ ጆሮ ስድብ ነበር። በ1922 ለብቻ ቪዮላ በጻፈው ሶናታ አራተኛ ክፍል ላይ የፍጥነት ምልክቱ በደቂቃ ከ600 እስከ 640 ምት ነው፤ ለተጫዋቹም የድምፅ ውበት ሁለተኛ ጉዳይ እንደ ሆነ በግልጽ ጽፎለታል። ሞክሬዋለሁ፤ ክንድ ይዝላል፣ ቀስቱ ክሩን ሊነክሰው ይደርሳል፣ ግን ደስ ይላል። በዚያው ዓመት ፍራንክፈርት ላይ የቀረበው አጭር ኦፔራው ስለ አንዲት መነኩሲት የሥጋ ፈተና ነበርና ከተማውን አስቆጣ። በ1929 በበርሊኑ ክሮል ኦፔራ ኦቶ ክሌምፐረር የመራው «የዕለቱ ዜና» ደግሞ ገንዳ ውስጥ እየታጠበች የምትዘፍን ሴት ነበረችበት። ክሌምፐረርና መሰሎቹ ይህን ሙዚቃ እንደ ተጻፈ፣ ፈጣንና ደረቅ አድርገው ይመሩት ነበር፤ የዘመኑም ስሜት ይኸው ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ የስሜት ጎርፍ ሁሉ አጠራጣሪ ሆኗልና። ያም አመራር የራሱ እውነት ነበረው።

ፉርትቬንግለር ግን በሂንደሚት ውስጥ ሌላ ሰው አየ። የባኽን የድምፅ ሽመና የሚያውቅ፣ እጁ ላይ የባለሙያ ጥንቃቄ ያለው፣ ከሁሉ በላይ ቅኝትን ፈጽሞ ያልጣለ ደራሲ። የሂንደሚት ሙዚቃ ሩቅ ይሄዳል፤ ይጋጫል፣ ይሻክራል፣ በመጨረሻ ግን ቤቱ ይገባል። የፉርትቬንግለር እጅ የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር። በ1932 የበርሊን ፊልሃርሞኒክ 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ሂንደሚት ለኦርኬስትራው አንድ ኮንቸርቶ ጻፈለት፤ መሪው ፉርትቬንግለር ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ «ማቲስ ሠዓሊው» መጣ። ሂንደሚት በጊዜው ስለ ማቲያስ ግሩኔቫልት ኦፔራ እየጻፈ ነበር፤ ዛሬ በኮልማር የሚገኘውን የኢዘንሃይም መንበር ሥዕሎች የሠራው፣ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነበረው ሠዓሊ ነው። ታሪኩ የሚሆነው በ1524 እና 1525 በተነሣው የገበሬዎች አመፅ ጊዜ ነው፤ ሠዓሊው ሸራውን ጥሎ ከተበደሉት ጋር ልሰለፍ ወይስ ልሣል እያለ ይሟገታል። ኦፔራው ውስጥ መጻሕፍት የሚቃጠሉበት ትዕይንት አለ፤ በርሊን ላይ ደግሞ ናዚዎች በ1933 መጻሕፍት አቃጥለዋል። ፉርትቬንግለር ለኮንሰርት የሚሆን አዲስ ነገር ሲፈልግ ሂንደሚት ከኦፔራው ሦስት ክፍል ያለው ሲምፎኒ አወጣለት። የመላእክት ኮንሰርት፣ የክርስቶስ መቀበር፣ የቅዱስ አንጦንስ ፈተና፤ ሦስቱም ከመንበሩ ሥዕሎች ናቸው። ማርች 12 ቀን 1934 ተሰማ፤ አዳራሹ በደስታ ተቀበለው።

የመጀመሪያው ክፍል የሚከፈተው በዝግታ፣ ሰፊ በሆነ ጂ ሜጀር ድምፅ ነው። ከዚያ ትሮምቦኖች ስለ ሦስት መላእክት የሚናገረውን የድሮ የጀርመን መዝሙር ያሰማሉ። ክንድ የሚያዝለውን ያን ሶናታ የጻፈው ሰው 12 ዓመት ሳይሞላ እዚህ ደረሰ። መጨረሻው ክፍል የአንጦንስን ፈተና በክሮቹ ጩኸት ጀምሮ፣ ረጅም ትግል አሳልፎ በናስ መሣሪያዎች ሃሌ ሉያ ይዘጋል። ፈተና፣ ትግል፣ መዳን፤ ይህ የብሩክነር ጉዞ ነው። ፉርትቬንግለር ወደ አዲሱ ሙዚቃ እንዳልሄደ፣ አዲሱ ሙዚቃ ራሱ እሱ ወደ ቆመበት እንደ መጣ ሆኖ ይሰማኛል። ደራሲው በራሱ እጅ በዚያው ዓመት ከዚያው ኦርኬስትራ ጋር በሸክላ አስቀርጾታል፤ እዚያ ላይ ሂንደሚት ቀጥ ብሎ፣ ሳያጋንን ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ የሆነው የሙዚቃ ብቻ ታሪክ አይደለም። ፉርትቬንግለር ኦፔራውን በበርሊን መንግሥታዊ ኦፔራ ሊያቀርብ ፈለገ፤ ጎሪንግ ያለ ሂትለር ፈቃድ አይሆንም አለው። ሂንደሚት የሚከሰስባቸው ነገሮች ተደረደሩ፤ ገንዳው ውስጥ ያለችው ሴት፣ አባቷ አይሁዳዊ የሆነው ሚስቱ፣ በትሪዮ አብረውት የሚጫወቱት ሲሞን ጎልድበርግና ኢማኑኤል ፎይርማን፣ ሁለቱም አይሁዶች። ፉርትቬንግለር ኖቬምበር 25 ቀን 1934 «የሂንደሚት ጉዳይ» የሚል ጽሑፍ በጋዜጣ የፊት ገጽ አወጣ። የዚያን ቀን ጠዋት ለሕዝብ ክፍት በሆነው ልምምድ ላይ ታዳሚው በጭብጨባ አላስጀምር አለው፤ ማታ በኦፔራ ቤቱ ዋግነርን ሊመራ ሲገባም እንደዚያው ሆነ። ጎሪንግ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። ዲሴምበር 4 ቀን ፉርትቬንግለር ከፊልሃርሞኒኩም፣ ከኦፔራ ቤቱም፣ ከመንግሥቱ የሙዚቃ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንትነቱም ለቀቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ጎብልስ በአደባባይ ንግግር ሂንደሚትን አዋረደው።

ያን ጽሑፍ ያለ ሕመም ማንበብ አልችልም። ደፋር ነው፤ በዚያ ዓመት ማንም የጀርመን ሙዚቀኛ በጋዜጣ እንዲህ አልተናገረም። ነገር ግን ሂንደሚትን ሲከላከል በደሙም ንጹሕ ጀርመናዊ ነው ብሎ ይከራከራል፤ የወጣትነት ሥራዎቹንም ለተቺዎቹ አሳልፎ ይሰጣል። በአሳዳጆቹ ሚዛን መዝኖ ሊያድነው ሞከረ። ያ ሚዛን ደግሞ ሾንበርግን ከበርሊን ያባረረው ነው፤ ሾንበርግ በ1933 ከማስተማሪያ ወንበሩ ተነሥቶ አገሩን ለቋል። ፉርትቬንግለር በዚያው ዓመት ለጎብልስ በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ በጥሩና በመጥፎ ጥበብ መካከል ካለው ድንበር በቀር ሌላ ድንበር አላውቅም ለማለት ደፍሮ ነበር። በ1934 ያን ድንበር እሱ ራሱ ለቀቀው። ይህን የምለው አክብሬው ነው፤ ከሌሎቹ ብዙ ርቆ ስለ ሄደ ነው የቆመበት ቦታ የሚያሳዝነኝ።

በ1935 መጀመሪያ ከጎብልስ ጋር ታረቀ፤ ጽሑፉ ያስከተለውን የፖለቲካ መዘዝ እንደሚጸጸትበት ተናገረ፤ በኤፕሪል ወደ መድረክ ተመለሰ። በ1936 የሂንደሚት ሥራዎች በጀርመን እንዳይቀርቡ ተከለከሉ። «ማቲስ» ኦፔራው በሜይ 1938 ዙሪክ ላይ ተከፈተ፤ ሂንደሚት በዚያው ዓመት ወደ ስዊዘርላንድ፣ በ1940 ወደ አሜሪካ ሄደ። በበርንቡርገር ጎዳና የነበረው ያ የፊልሃርሞኒ አዳራሽ በጃንዋሪ 1944 በቦምብ ወደመ። ፉርትቬንግለር በ1945 መጀመሪያ ስዊዘርላንድ ገባ፤ ከጦርነቱ በኋላ በርሊን ላይ ተመርምሮ ነጻ ወጣና በሜይ 1947 ወደ ኦርኬስትራው ተመለሰ፤ ኮንሰርቱ የቀረበው ከቦምብ በተረፈ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው።

በተመለሰበት ዓመት ካቀረባቸው ሥራዎች መካከል ሂንደሚት በስደት አሜሪካ የጻፈው በቬበር ዜማዎች ላይ የተሠራው «ሲምፎኒያዊ ሜታሞርፎሲስ» አለ። የሪቻርድ ስትራውስን ለ23 የክር መሣሪያዎች የተጻፈ የሐዘን ሥራም አቀረበ። በ1950 ለንደን ላይ ኪርስተን ፍላግስታድ የስትራውስን የመጨረሻ አራት መዝሙሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ስትዘምር መሪዋ እሱ ነበር። የቦሪስ ብላኸርንና የቮልፍጋንግ ፎርትነርን አዳዲስ ሥራዎችም መርቷል። ወደ 12 ድምፅ ስልት ግን ልቡ አልተመለሰም። የራሱ 2ኛ ሲምፎኒ በ1948 ሲቀርብ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ፣ ከብሩክነርና ከብራምስ ዘመን ያልወጣ ግዙፍ ሥራ ነበር። ወጣት ደራሲያን ዳርምሽታት ላይ ተሰብስበው ሌላ ዓለም ሲጀምሩ እሱ ለዚያ ዓለም አልጻፈም።

የሂንደሚትን ሙዚቃ እንዴት እንደሚመራው ለመስማት የምመለስበት ቅጂ በኦገስት 1953 ሳልዝቡርግ ላይ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የተቀዳው ነው። ሥራው «የዓለም ስምረት» የሚባለው ሲምፎኒ ነው፤ ሂንደሚት ስለ ኮከብ ተመራማሪው ዮሐንስ ኬፕለር ሊጽፍ ካሰበው ኦፔራ ተወስዶ በ1952 ባዝል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰምቷል። በመጨረሻው ክፍል አንድ የባስ ዜማ እየተደጋገመ ይሄዳል፤ በላዩ ላይ ሌሎቹ ይሸመናሉ። ብዙ መሪዎች እዚህ ላይ እያንዳንዱን ድግግሞሽ ለብቻው ጥርት አድርገው ያሳያሉ፤ አድማጩም ይቆጥራል። ፉርትቬንግለር አያስቆጥርም። ከመጀመሪያው ድግግሞሽ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ስምረት ያለውን ርቀት አስቀድሞ ለክቶታል፤ ባሶቹ ክብደቱን ጥቂት በጥቂት ይጨምራሉ፤ ትንሽ ሲዘገይ እንኳ ሙዚቃው የሚቆም አይመስልም። ናሶቹ ሲገቡ ኃይል ከውጭ የተጨመረ አይመስልም፤ ቀድሞ ከሥር የነበረው ወደ ላይ የወጣ ይመስላል። ቪዮላዎቹ መካከል ላይ ናቸው፤ በደንብ ይሰማሉ።

በዚያው ኮንሰርት ከሂንደሚት ጋር የቀረበው የሹበርት ታላቁ ሲ ሜጀር ሲምፎኒ ነው። ፉርትቬንግለር በኖቬምበር 1954 አረፈ፤ ሂንደሚት የኬፕለርን ኦፔራ ጨርሶ በ1957 ሙኒክ ላይ ሲከፍተው የመራው ራሱ ነው።